«ሬዋሕ» የገንዘብ ትርፍ ነው? ለእህታችን ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። የእህታችን ጥያቄ ይህ ነው፦ በአስቴር 4፥14 መርዶክዮስ ለአይሁድ «ዕረፍትና መዳን» ከሌላ ስፍራ እንደሚመጣ ይናገራል። አንድ ሰባኪ ይህ «ዕረፍት» በዕብራይስጥ «ሬዋሕ» እንደሚባል፣ ትርጉሙም «የገንዘብ ትርፍ» እንደሆነ አስተማረ። እውነት ነው ወይ? ደግሞስ ለምትወለደው ልጄ ስም ባደርገውስ?

ቃሉን በትክክል ነው የጠራው። ትርጉሙ ላይ ግን አልስማማም።

የምኖረው እስራኤል ነው። ዕብራይስጥን መጀመሪያ የለመድኩት በገበያና በቢሮ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን በዕብራይስጥ ማንበብ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ሰባኪው «ትርፍ» የሚለውን ከየት እንዳገኘው ይገባኛል። ይኸው ቃል ዛሬ እዚህ «ሬቫኽ» ሲባል ነጋዴው ያተረፈው ገንዘብ ነው። ኮምፒውተር ላይ በቃላት መካከል ክፍት ቦታ የምንተውበት ቁልፍም በዚሁ ቃል ይጠራል። እናቶቻችን ደግሞ «ነገ ረቫኻ እሄዳለሁ» ሲሉ የማኅበራዊ ድጋፍ ቢሮውን ማለታቸው ነው። እኔም ላስተረጉምላቸው አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሁሉም የአንድ ሥር ልጆች ናቸው።

ግን የዛሬን ትርጉም ወደ ኋላ ወስዶ አስቴር ላይ መጫን አያስኬድም። እዚያው አስቴር 2፥18 ላይ ንጉሡ የአስቴርን ግብዣ ሲያደርግ ለአገሮቹ «ሃናኻ» ሰጠ ይላል፤ ሸክም አቀለለላቸው ማለት ነው። ይህ ቃል ዛሬ እዚህ በየሱቁ መስታወት ላይ የሚለጠፈው «ቅናሽ» ነው። በሰባኪው መንገድ ከሄድን ንጉሡ በዚያ ቀን የጫማ ቅናሽ አወጀ ልንል ነው።

ይልቅ ቃሉ ራሱ የት የት እንደገባ እንይ። «ሬዋሕ» በዚህ መልኩ በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያለው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አንዱ የአስቴር ነው። ሌላው ዘፍጥረት 32 ላይ ነው፤ እኔ የምወደውም ይህንን ነው። ዔሳው 400 ሰዎች ይዞ እየመጣ ነው። ያዕቆብ ፈራ፤ ዕብራይስጡ ቃል በቃል «ጠበበውም» ይላል። እኛስ ሲጨንቀን «ዓለም ጠበበችኝ» እንል የለ? ከዚያ እጅ መንሻ አዘጋጀ። 200 እንስት ፍየሎች ከ20 አውራዎች ጋር፣ 200 እንስት በጎች ከ20 አውራዎች ጋር፣ 30 የሚያጠቡ ግመሎች፣ 40 ላሞች ከ10 ኮርማዎች ጋር፣ 20 እንስት አህዮች ከ10 ወንዶች ጋር። የግመሎቹን ግልገሎች ሳንቆጥር 550 ከብት ነው። ለአገልጋዮቹ የሰጠው ትእዛዝ ምን ነበር? በመንጋና በመንጋ መካከል «ሬዋሕ» አድርጉ።

ክፍተት ተዉ ማለቱ ነው። ዔሳው አንዱን መንጋ አይቶ ትንሽ ይሄዳል፣ ሌላው ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳል። በዚያ መሀል ቁጣው ይበርዳል፤ ያዕቆብም ፋታ ያገኛል። ትርፍ የሚባል ነገር እዚህ የት አለ? ሰውዬው እንዲያውም 550 ከብት ከእጁ ወጥቷል።

ስለዚህ የቃሉ መሠረት «ሰፊ ቦታ»፣ «ክፍተት» ነው። ግሱም ይህንኑ ያሳያል። ኤርምያስ 22፥14 ላይ ስለ ሰፋፊ ሰገነቶች ሲናገር በዚሁ ሥር ይጠቀማል። ኢዮብ 32 ላይ ወጣቱ ኤሊሁ ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ዝም ብሎ ቆይቶ ሆዴ መተንፈሻ እንዳጣ የወይን ጠጅ ሆነ፣ አቁማዳው ሊፈነዳ ነው ይላል። ቀጥሎ «ልናገርና ይስፋልኝ» አለ። በእኛ አነጋገር «ልናገርና ይውጣልኝ» ነው። 1ኛ ሳሙኤል 16፥23 ላይም ዳዊት በገና ሲመታ ለሳኦል «ሰፋለት»፤ ተነፈሰ። አረብ አገር የሠራችሁ ደግሞ «ራሃ» የሚለውን ታውቁታላችሁ። የዚሁ ቤተሰብ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ለእኔ ዋናው ይህ ነው። ሳኦል ተነፈሰ እንጂ አልዳነም። ክፉው መንፈስ ተመልሶ መጣ፣ በኋላም በዳዊት ላይ ጦር ወረወረ። በዘጸአት 8ም ጓጉንቸሮቹ ሲሞቱ ፈርዖን «ሬዋሓ» እንደሆነ አየ፤ የዚያው ሥር ሌላ ቅርጽ ነው። ምን አደረገ? ልቡን አደነደነ። ትንፋሽ አገኘና ቃሉን አጠፈ። ፋታ ሌላ፣ መዳን ሌላ ነው። መርዶክዮስም አንዱን ብቻ አልተናገረም። «ሬዋሕ» ብሎ «ሃጻላ» ይጨምራል፤ ሁለተኛው መታደግ፣ ከአደጋ መንጠቅ ነው። ሐማ ሕዝቡን የሚያጠፋበት ቀን ቆርጧል፣ አዋጁም ወጥቷል። ቀኑ ቢገፋ እንኳ ፋታ ብቻ አይበቃቸውም ነበር።

ከሰንበት ዕረፍት ጋር የሚያምታቱም አሉ። ሰንበት ሥራን ማቆም ነው። ተረጋግቶ ማረፍ ደግሞ «ኑሐ» ከሚለው ሥር ይመጣል። ይህ ቃል በአስቴር ምዕራፍ 9 ላይ አለ፦ አይሁድ ከጠላቶቻቸው «ያረፉበት» ቀን። መጀመሪያ የሚተነፍሱበት ቦታ ተስፋ ተሰጣቸው፣ ቆይቶ ዕረፍቱ መጣ። በአማርኛ ሁለቱንም «ዕረፍት» ስንላቸው ልዩነቱ ይጠፋብናል። እኔ ብሆን 4፥14ን «እፎይታና መዳን» እለው ነበር።

ወደ ስሙ እንምጣ። እህቴ፣ «ሬዋሕ» ብለሽ ባትሰይሚያት እመርጣለሁ። አንድ ቀን እስራኤል ከመጣች ሰው ሁሉ «ትርፍ» እያለ ይጠራታል። ይህንኑ ሐሳብ የያዘ፣ እኛ የለመድነው ስም አለልሽ። በግዕዙ መዝሙር 4 ላይ «አርሐበ ሊተ» የሚል አለ፤ አሰፋልኝ ማለት ነው። ሥሩ ከሬዋሕ ይለያል፣ አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው፤ ጭንቅ ጥበት፣ እፎይታ ስፋት። ዘፍጥረት 26 ላይ ይስሐቅ ሁለት ጊዜ በጉድጓድ ውኃ ተጣሉት። ሦስተኛውን ሲቆፍር ማንም አልተከራከረውም። እግዚአብሔር አሰፋልን ብሎ ከዚሁ ሥር ስም አወጣለት፦ ርሆቦት። እዚህ እስራኤልም በዚሁ ስም የምትጠራ ከተማ አለች፤ ብዙ ወገኖቻችን ይኖሩባታል። ስሙን ሲሰሙ ማንም ግር አይለውም። በሰላም ገላግሎሽ ርሆቦትን ያሳድግልሽ።