«ሁለቱም ልክ ናቸው» ብለው ለሚያልፉ ተማሪዎች

እህቴ፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚቃረኑ ትንታኔዎች ስታስነብቢያቸው ተማሪዎችሽ «ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው» ብለው እንደሚያልፉ ጽፈሻል። እኔንም ለዓመታት ያስቸገረኝ ይኸው ነው። መጀመሪያ ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አከራክር ነበር። ድምቀቱ ሌላ ነው! ግን የሚያሸንፈው ምላሱ የተባው ልጅ እንጂ ማስረጃ የያዘው አልነበረም። ተውኩት።

አሁን አንድ ክስተት እመርጥና እያንዳንዱ ትንታኔ እሱን እንዲያስረዳ አደርጋለሁ። ብዙ ጊዜ የምይዘው እ.ኤ.አ. የኦገስት 4 ቀን 1789ን ሌሊት ነው። በዚያ ሌሊት መኳንንቱ ራሳቸው በብሔራዊ ጉባኤው እየተነሱ የፊውዳል መብታቸውን እንደሚተዉ ተናገሩ። መጀመሪያ የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። አብዮቱ ከበርቴው መኳንንቱን የጣለበት የመደብ ትግል ነው የሚለው የፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር የዦርዥ ለፌቭርና የመሰሎቹ ትንታኔ ይህን እንዴት ያስረዳል? ተማሪዎቹ «በቃ፣ ትንታኔው ወደቀ» ይላሉ።

ያኔ ሁለተኛዋን ወረቀት አድላለሁ። ከዚያ ሌሊት በፊት በነበሩት ሳምንታት ገበሬው በየገጠሩ ተነስቶ፣ የመኳንንቱን ቤት እየሰበረ፣ ለእነሱ የሚከፍለው ግብር የተጻፈባቸውን መዝገቦች ያቃጥል ነበር። ክፍሉ ይገለበጣል፤ ለካ ከልግስናው ጀርባ ፍርሃት አለ። (ለፌቭር ራሱ ያንን የገጠር ፍርሃት በሰፊው ያጠና ሰው ነው፤ ስለዚህ የመደብ ትንታኔውን አቅልለሽ እንዳታቀርቢው አደራ።) ሦስተኛዋ ወረቀት ላይ ደግሞ ከመሬት ጋር የተያያዘው ዋናው ግብር በነጻ እንዳልቀረ፣ ገበሬው ካሳ እንዲከፍልበት እንደተወሰነና ያለ ካሳ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1793 እንደሆነ ተጽፏል።

አንድ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች፣ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ታዲያ ካሳውን የሚቀበለው ማን ነበር?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ካሳው ለመኳንንቱ ብቻ አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን መብት በገንዘብ የገዙ ከበርቴዎችም ነበሩ። የመደብ ትንታኔውን የተቃወመው እንግሊዛዊ የታሪክ ምሁር አልፍሬድ ኮባን የገባቸው ያኔ ነው። የአብዮቱ መሪዎች በአብዛኛው ጠበቆችና ሹመኞች እንጂ ነጋዴና ባለ ፋብሪካ አይደሉም፣ ፊውዳሉን የጣለውም ገበሬው ነው የሚለውን ክርክሩን ሳይረዱ፣ ቀደም ሲል ስሙን ብቻ ሸምድደውት ነበር።

የቤት ሥራው አጭር ነው። የመረጡትን ትንታኔ ይጽፋሉ፣ ቀጥሎም ያ ትንታኔ የሚቸገርበትን አንድ ማስረጃ። ግማሹን ማርክ የምሰጠው ለሁለተኛው ነው። መጀመሪያ ሰሞን ቦታውን ባዶ ትተው ይመልሱልሻል። አንቺ እንዳትሞይላቸው፤ ከሦስቱ ወረቀቶች ጋር መልሰሽ ስጫቸው።