ያገለገለ የተራራና የበረዶ መውጫ ዕቃ፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ያገለገሉ የተራራ መውጫ ዕቃዎችን ለብዙ ዓመታት ስገዛ፣ ስሸጥና ስጠግን ስለ ቆየሁ፣ ዛሬ የምትጠይቁኝን በማውቀው መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ብረት ያሳለፈውን በላዩ ላይ ያሳያል፣ ክር ግን ይደብቃል። ስለዚህ ብረቱን መርምራችሁ ግዙ፤ ገመድ፣ ሃርነስ (ወገብና ጭን ላይ የሚታጠቁት ማሰሪያ) እና ስሊንግ (የተሰፋ የጥብጣብ ቀለበት) ግን ያገለገለ አትግዙ።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ በዚህ ዓመት ተራራ መውጣት ልጀምር አስቤአለሁ። ያገለገለ ምን ዕቃ ብገዛ ይሻለኛል?

መላሽ፦ ጥያቄው እንዲህ በጥቅሉ ሲቀርብ መልስ የለውም። በበረዶ ግግር ላይ ለመራመድ ነው ወይስ ቀጥ ያለ የበረዶ ግድግዳ ለመውጣት? መጀመሪያ ለእግርህ ልክ የሆነ ጫማ ያዝ፤ ከዚያ ተመልሰህ ጠይቀኝ።

ባለ ቁም ሣጥኑ፦ ከወንድሜ የተረፈ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ በቁም ሣጥን ውስጥ የቆየና ሁለት ጊዜ ብቻ የተወጣበት ገመድ አለኝ። ልሸጠው እችላለሁ?

መላሽ፦ አትሽጠው። አብዛኞቹ አምራቾች የናይለን ገመድ ምንም ሳይሠራበት ቢቀመጥ እንኳ ከተመረተበት ጊዜ አንሥቶ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይቆይ ይመክራሉ፤ ይህም የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ዋስትና አይደለም። በብዙ ገመዶች እምብርት ውስጥ የተመረቱበትን ዓመት የያዘ ቀጭን ጥብጣብ ስላለ፣ ጫፉን ቆርጠህ ብታየው ዕድሜውን ትደርስበታለህ። የደረሰበትን ግን ጥብጣቡ አይነግርህም።

የገመድ ወዳጅ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ የተጋነነ ነው። ገመድ በእርጅና ብቻ ተበጥሶ ሰው ወደቀ ሲባል እምብዛም አንሰማም። የጀርመን አልፓይን ማኅበርን የደኅንነት ጥናት ለረጅም ዘመን የመሩት ፒት ሹበርትም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በተራራ ላይ የሚበጠሱት ገመዶች በአብዛኛው ስለታም የድንጋይ ጠርዝ ያገኛቸው ወይም አሲድ የነካቸው ናቸው።

መላሽ፦ ልክ ነህ፤ የደገፍከው ግን የእኔን ሐሳብ ነው። የባትሪ አሲድ ናይለንን ሲበላ በሽፋኑ ላይ ምንም ምልክት ላይተው ይችላል። ገመዱ በመኪና የዕቃ መጫኛ ውስጥ አሲድ በፈሰሰበት ሥፍራ አንድ ሌሊት አድሮ ከሆነ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል። አንተ የራስህን ገመድ ታሪክ ታውቃለህ፤ የገዢው ችግር ይህን አለማወቁ ነው።

የገመድ ወዳጅ፦ እንግዲያስ አዲሱም ገመድ በመጋዘን ሳለ ምን እንደ ነካው አናውቅም ማለት ነው።

ሌላ አባል፦ ለአዲሱ ገመድ አምራቹ ይጠየቅበታል፤ ለአሮጌው ማን ይጠየቃል?

መላሽ፦ ሁለታችሁም ይህን ክርክር ለብቻችሁ ጨርሱት። ቀጣይ ጥያቄ።

ባለ ሁለት ዶማ፦ ለበረዶ ግድግዳ የሚሆኑ ሁለት ያገለገሉ የበረዶ ዶማዎች አግኝቻለሁ። ሻጩ ምንቃራቸው፣ ማለትም በረዶ የሚወጋው ሹል ብረት፣ እንደ ገና ተስሏል ይለኛል። ምን ልመልከት?

መላሽ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በክብ ውስጥ የተቀረጸውን የላቲን ፊደል ፈልግ። «ቢ» ለመሠረታዊ አገልግሎት፣ «ቲ» ለቴክኒካዊ አገልግሎት ማለት ሲሆን፣ እጀታውና ምንቃሩ ለየብቻቸው ምልክት ሊኖራቸው ስለሚችል ሁለቱንም እይ። «ቢ» የሆነ ምንቃር ብዙውን ጊዜ ቀጭን ስለሆነ በረዶ ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰክተህ ልትጠመዝዘው ካሰብክ ግን «ቲ» ያስፈልግሃል። ቀጥሎ ሻጩን በምን እንደ ሳለው ጠይቀው። ምንቃር የሚሳለው በእጅ ሞረድ፣ በትዕግሥት፣ ብረቱ ሳይግል ነው። በኤሌክትሪክ መሳያ ማሽን የተሳለ ምንቃር በግለቱ ምክንያት ጥንካሬው ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ጫፉ ቶሎ ይደንዛል፣ ይታጠፋልም። ምልክቱ ጫፉ አካባቢ የሚታይ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ቀለም ነው። ቀለሙ በሞረድ ተፍቆ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ከመጠን በላይ ያብረቀረቀ ጫፍ ስታይም ጠርጥር።

ከዚያ ርዝመቱን አመዛዝን። የአምራቹን የአዲስ ምንቃር ሥዕል ከጎኑ አድርገህ፣ ጫፉ ወደ መጀመሪያው ትልቅ ጥርስ ምን ያህል እንደ ቀረበ ተመልከት። በተደጋጋሚ የተሳለ ምንቃር ከማጠሩም በላይ የጫፉ ማዕዘን ስለሚለወጥ፣ ስትመታው በረዶውን መሰንጠቅ ያበዛል፣ ስትነቅለውም ይይዛል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ግን ለዚያ ሞዴል መለዋወጫ ምንቃር አሁንም ይመረታል ወይ የሚለው ነው፤ የማይመረት ከሆነ የምትገዛው የቀረውን ብረት ብቻ ነው። በመጨረሻም ዶማውን ጆሮህ አጠገብ አድርገህ አነቃንቀው፤ የዶማው ራስ የሚንኳኳ ከሆነ ወይ ብሎኑ ላልቷል ወይ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ የመጀመሪያውን ማጥበቅ ይቻላል፣ ሁለተኛው አይጠገንም። የአሉሚኒየም እጀታ ጠለቅ ያለ ስርጉደት ወይም መጣመም ካለበት ተወው።

ቀጥ ያለ ምንቃር ያላቸው አሮጌ የእንጨት ዶማዎች በየጊዜው ይቀርቡልኛል። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካዊው ተራራ ወጪና ዕቃ ሠሪ ኢቮን ሹናርድ ምንቃሩን ወደ ታች አጉብጦ ማሠራት የፈለገው፣ ቀጥ ያለው በጠንካራ በረዶ ላይ ሲንጠለጠሉበት እየተነቀለ ስላስቸገረ ነው። የእንጨቱን ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ጀማሪው፦ ጫማ ገዝቻለሁ። አሁን የትኛውን ክራምፖን፣ ማለትም ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት፣ ልግዛ?

መላሽ፦ ጫማው ከፊትና ከኋላ የክራምፖን መያዣ ጠርዝ አለው ወይስ ከኋላ ብቻ? ሁለቱም ካሉትና ሶሉ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ከፊት በሽቦ ከኋላ በተረከዝ መቆለፊያ የሚያዘውን መጠቀም ትችላለህ። የኋላው ብቻ ካለው ከፊት በፕላስቲክ ቅርጫት፣ ከኋላ በመቆለፊያ የሚያዘውን ውሰድ። ሁለቱም ከሌሉት በማሰሪያ ብቻ የሚታሰረውን ያዝ፤ ይህም ለመራመጃ እንጂ ለግድግዳ አይደለም። ወደ ሻጩ ስትሄድ ጫማህን ይዘህ ሂድ፤ ማሰሪያውን ሳታጠብቅ ጫማውን ከፍ አድርገህ ስታነቃንቀው ክራምፖኑ መውደቅ የለበትም።

ስለ ጥርሶቹ ይህን ልጨምር። እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ኦስካር ኤከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1908 የነደፈው ክራምፖን ዐሥር ጥርስ ነበረው፤ ወደ ፊት የሚያመለክቱትን ሁለት ጥርሶች የጨመረው ጣሊያናዊው ዕቃ ሠሪ ሎራን ግሪቬል ሲሆን፣ ያም እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። ግድግዳ የሚያስወጡህ እነዚህ ሁለቱ ስለሆኑ በሻጩ ፎቶ ላይ አስቀድመህ የምትፈልጋቸው እነርሱን ይሁን። ጎናቸው ሰፊ፣ ውፍረታቸው ቀጭን ሆነው የቆሙ ከሆነ ለጠንካራ በረዶ፣ የተኙ ከሆነ ለለስላሳ በረዶ ይሻላሉ። ብረቱ በሚታጠፍባቸው ማዕዘኖችና በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ፈልግ፤ ላይ ላዩን የያዘው ዝገት ግን በሞረድና በዘይት የሚሄድ ስለሆነ አያስደንግጥህ፤ እንዲያውም ዋጋ ለማስቀነስ ይረዳሃል።

ሌላ ጠያቂ፦ ያገለገለ ሄልሜትስ?

መላሽ፦ አይገዛም። በውስጡ ያለው አረፋ ምን እንደ መታው አይታወቅም።

የብሎን ጠያቂ፦ ዐሥር የበረዶ ብሎኖች (በረዶ ውስጥ እየተጠመዘዙ የሚገቡ ባለ ጥርስ ቱቦዎች) በአንድነት ተሽጠውልኛል፤ ጥቂቶቹ ደንዝዘዋል። ልስላቸው?

መላሽ፦ የደነዘዘ ብሎን በእጅ አይሞረድም። የአፉ አራት ጥርሶች ማዕዘን በጣም ትክክለኛ መሆን ስላለበት፣ ለዚሁ በተሠራ መሳያ ወይም በባለሙያ ካልሆነ አበላሽተህ ትመልሰዋለህ። ስለቱን ለመለየት ጥርሱን በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ ቀስ ብለህ ሳበው፤ ጥፍሩን ልጦ ከወሰደ ጥሩ ነው፣ ተንሸራትቶ ካለፈ ደንዝዟል። የቱቦውን ውስጥም በመብራት እይ፤ ውስጡ የዛገ ወይም የተጫረ ከሆነ የተቆፈረው በረዶ ስለማይወጣ ብሎኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆምብሃል። ይህ አንድ እጅህ ዶማ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ እንደሚደርስ አስብ። በሶቪየት ዘመን የተሠሩ የታይታኒየም ብሎኖችም በርካሽ ይቀርባሉ፤ ቀላልነታቸው ያጓጓል፣ ነገር ግን በጠንካራ በረዶ ላይ ለማስገባት እጅግ ያስቸግራሉ።

ሌላ አባል፦ ከእጅ የወደቀ ካራቢነር (ገመድ የሚያያዝበት፣ የሚከፈት በር ያለው የብረት ቀለበት) በውስጡ የማይታይ ስንጥቅ ስለሚይዝ መጣል አለበት ይባላል።

የገመድ ወዳጅ፦ እኔም ከአንድ ሜትር በላይ የወደቀ ሁሉ ይጣላል ሲባል ነው የሰማሁት።

መላሽ፦ ይባላል፤ የወደቁ ካራቢነሮች በሙከራ ተጎትተው ሲሰበሩ ግን ይህን አባባል የሚደግፍ ውጤት አልታየም። የማይታየውን ትታችሁ የሚታየውን እዩ፤ በሩ ሲለቀቅ በሞላው ኃይል ራሱ ይዘጋል? የመታጠፍ ምልክት አለው? ገመድ የሚያልፍበት ሥፍራ ተበልቶ ስለት ያለው ጠርዝ አውጥቷል? ይህ የመጨረሻው ገመድ ስለሚቆርጥ ያን ካራቢነር ሳትጠራጠሩ ጣሉት።

ሌላ ጠያቂ፦ ወንድሜ ሳይጠቀምበት የቀረ፣ አዲስ ሊባል የሚችል ሃርነስ ልሸጥ ነው። ገመድም አለው፤ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተወጣበት።

መላሽ፦ ከላይ ያለውን አላነበብክም። ክር አይሸጥም፣ ክር አይገዛም። የማትጠቀምበትን ገመድና ሃርነስ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይታጠቀው ቆራርጠህ ጣለው። የብረት ዕቃ ስትሸጥ ግን የምንቃሩን የጎን ፎቶ ከማስመሪያ ጋር አሳይ፣ በምን እንደ ተሳለ ጻፍ፣ አምራቹ ዕቃውን ከገበያ መልሶ ሰብስቦት እንደ ሆነም በመለያ ቁጥሩ አረጋግጥ።

ሌላ ጠያቂ፦ ሃያ ዓመት የሆነው የፕላስቲክ የተራራ ጫማ፣ ምንም ያልተለበሰ ነው።

መላሽ፦ ያለመለበሱ አያድነውም። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ቁስ በአየሩ እርጥበት ምክንያት ከጊዜ በኋላ ይበታተናል፤ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ያው ነው። ውጪው ሲያብረቀርቅ ይቆይና በተራራው ላይ ሶሉ ይለይሃል።

ሌላ ጠያቂ፦ በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው መፈለጊያ ራዲዮስ?

መላሽ፦ በ457 ኪሎ ኸርትዝ የሚሠራና ሦስት አንቴና ያለው ካልሆነ አትውሰድ። የባትሪ ቤቱ አረንጓዴ ዝገት ከያዘም ተወው።

ባለ ሁለት ዶማ፦ ጋሼ፣ ዶማዎቹን ዛሬ አየኋቸው። በአንደኛው ምንቃር ጫፍ ላይ የጣት ጥፍር የሚያህል ሰማያዊ ቀለም አለ፤ የሁለተኛው ንጹሕ ነው። ሁለቱም አይንኳኩም፣ እጀታቸው ላይም ስርጉደት የለም። መለዋወጫውም አሁንም ይመረታል።

መላሽ፦ እንግዲያው ውሰዳቸው። ለሰማያዊው አዲስ ምንቃር ግዛ፤ ዋጋውንም ለሻጩ ከምትከፍለው ላይ አስቀንስ። ምንቃሩን ስትቀይር የሚይዘውን ብሎንም አብረህ ቀይረው።