መልስ፦ ከልጆች ጋር ሁለት ቀን ለሰሜን ተራሮች ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ራስ ዳሸን ካላማረሽ በደንብ ይበቃል። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የፓርኩን መግቢያ ከፍላችሁ፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ይዛችሁ ወደ ሳንቃበር ካምፕ ውጡ። እዚያው እደሩ።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን መፈለግ አያስፈልግም። በመንጋ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው መጣ አልመጣ ግድ የላቸውም። ወንዶቹ ከንፈራቸውን ገልብጠው ድዳቸውን ሲያሳዩ ልጆቹ ከቦታው አይነሱልሽም! ብቻ ምግብ እንዳይሰጧቸው።

በማግስቱ በመኪና ወደ ጨነቅ ካምፕ ሂዱ። ዋልያ የሚታየው እዚያ ገደሉ ላይ ነው፤ በጠዋት ከሆነ ይሻላል። የጅንባር ፏፏቴ ደግሞ ክረምቱ እንዳለፈ ነው የሚያምረው። በጋ ላይ ውሃው ስለሚሳሳ ባትደክሙበት ይሻላል።

ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ወፍራም ካልሲ አትርሺ። የመንገዱን ሰላም ግን ሳትነሺ ደውለሽ አጣሪ።