ፋርማሲስቱ ስለ ጫቴ ምን አገባው?

ለዚህ ዕትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያተኩሩት በመድኃኒት ባለሙያው ሥራ ላይ ነው። ተጠቃሚው ከመድኃኒት ቤት ምን መጠበቅ እንዳለበት፣ ባለሙያው ደግሞ ከሙያ ማኅበሩ ምን መጠየቅ እንደሚችል ግልጽ ያልሆነላቸው አንባቢዎች ብዙ እንደሆኑ ተረድቻለሁ። ስለዚህ ሌሎቹን ለሚቀጥለው አቆይቼ በእነዚህ ላይ ብቻ መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ከስልሳ አልፏል። የደም ግፊት መድኃኒቴን የምገዛው ከዚራ ካለ አንድ ፋርማሲ ነው። ቀድሞ ማዘዣዬን ሰጥቼ፣ ሒሳቤን ከፍዬ፣ መድኃኒቴን ይዤ እወጣ ነበር። አሁን የተቀጠረው ወጣት ግን ሌላ ምን መድኃኒት እንደምወስድ፣ በስንት ሰዓት እንደምውጥ፣ አልፎ ተርፎም ጫት እቅም እንደሆነ ይጠይቀኛል። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ ይህን መመለስ ያሳፍራል። ይህ የሐኪም ሥራ አይደለም ወይ? (የደም ግፊት ታካሚ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ወጣቱ የሚጠይቅዎት ሥራው ስለሆነ ነው። ሐኪሙም ጠይቆዎት ይሆናል፤ ነገር ግን ሐኪሙን የሚያዩት በየጥቂት ወሩ ሲሆን ፋርማሲስቱን የሚያገኙት በየወሩ ነው። በዚህ መካከል የጉንፋን ሽሮፕ ይገዛል፣ ጎረቤት «ለጉልበትህ ፍቱን ነው» ብሎ የሰጠው ክኒን ይዋጣል። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ማስታገሻዎች ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም በማድረግ ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ የበርካታ የግፊት መድኃኒቶችንም ኃይል ያዳክማሉ። አብረው ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ሐኪሙ ያላዘዘውን መድኃኒት ሐኪሙ ሊያውቀው አይችልም፤ ሊደርስበት የሚችለው ሻጩ ነው።

ስለ ጫት የተጠየቁትም ለሐሜት አይደለም። እንዲያውም በእኛ አካባቢ ይህን ሳይጠይቁ የግፊት መድኃኒት መስጠት ሥራን በግማሽ መተው ነው። በጫት ውስጥ የሚገኘው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ንጥረ ነገር በመሆኑ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጦ ወደ ማታ ግፊቱን የተለካ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሲገኝ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ ሊጨመርለት ይችላል፤ በማግሥቱ ሳይቅም ሲውል ደግሞ የተጨመረው መጠን ግፊቱን ከልክ በላይ አውርዶ ያዞረዋል። ነገሩ በግፊት መድኃኒት ብቻ አያበቃም። የመን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት ጫት እየተቃመ የተወሰደ አምፒሲሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ወደ ደም የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ፣ ከቃሙ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ሲወሰድ ግን ይህ ችግር እንደማይታይ አሳይቷል። በሌላው አንቲባዮቲክ በአሞክሲሲሊን ላይ የታየው ተጽዕኖ ያነሰ ነበር። እንግዲህ «ትቅማለህ ወይ? በስንት ሰዓት?» የሚለው ጥያቄ የመድኃኒቱን መዋጫ ሰዓት ለመወሰን የሚያገለግል ሙያዊ ጥያቄ ነው።

ይህ አሠራር ወጣቱ ከራሱ ያመጣው አይደለም። አሜሪካውያኑ ቻርለስ ሄፕለርና ሊንዳ ስትራንድ እ.ኤ.አ. በ1990 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የፋርማሲስቱ ኃላፊነት መድኃኒቱን በማስረከብ የሚያበቃ ሳይሆን መድኃኒቱ በታካሚው ላይ እስከሚያመጣው ውጤት ድረስ የሚዘልቅ ነው ብለው ተከራከሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ፋርማሲስት እንክብካቤ ሰጪ፣ ውሳኔ ሰጪ፣ አስተማሪና የዕድሜ ልክ ተማሪ ጭምር መሆን እንዳለበት የሚገልጽ ሰነድ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1912 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፋርማሲ ፌዴሬሽንም ከድርጅቱ ጋር ሆኖ የመልካም ፋርማሲ አሠራር መመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2011 አሻሽሏል። እርስዎን ያገለገለዎት ወጣት የተማረው ይህን ነው።

በአንድ ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ። የድሬ ሰው አንቱታ ሳያበዛ በግልጽ መነጋገር ልማዱ ቢሆንም ሕመም በሰልፍ ፊት የሚወራ ጉዳይ አይደለም። «ወደ ጎን እናውራ» የማለት መብት አለዎት፤ ከመደርደሪያው ዳር አንዲት ጥግ ለይቶ ወንበር ማስቀመጥ ደግሞ ለየትኛውም ፋርማሲ ከባድ ወጪ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ፋርማሲ በኃላፊነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የቤቱ ባለቤት የጤና ባለሙያ አይደለም። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ «ገበያ አትመልስ» ይለኛል። ለሙያ ማኅበራችን ባመለክት ፈቃዱን አያስነጥቅልኝም ወይ? ይህን ካልቻለ መዋጮ የምከፍለው ለምንድን ነው? (ፋርማሲስት፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ማኅበሩ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅምም። የመድኃኒቱን ደኅንነትና ጥራት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ የችርቻሮ ቤቱ ጉዳይ ደግሞ የከተማው የጤና ተቆጣጣሪ ነው። ሁለቱን ሥራዎች አደባልቆ ማየት የእርስዎ ብቻ ስሕተት አይደለም። በብሪታንያ እንኳ የፋርማሲስቶቹ ማኅበር ለረጅም ዘመን ተቆጣጣሪም የባለሙያው ጠበቃም ሆኖ ሲሠራ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የቁጥጥሩ ሥራ ለሌላ ምክር ቤት ተሰጥቶ ማኅበሩ ከሙያው ጉዳይ ጋር ብቻ እንዲቀር ተደርጓል። ምክንያቱ ለመገመት አያስቸግርም፤ አባላቱን የሚወክል አካል እነዚያኑ አባላት በትክክል ሊቀጣ ይችላል ብሎ ሕዝብ እንዲያምን መጠበቅ ይከብዳል።

ታዲያ ማኅበር ለምን ያስፈልጋል? በአገራችን የፋርማሲ ትምህርት በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን፣ የባለሙያዎቹ ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ማኅበሩ የሙያውን ሥነ ምግባር በጽሑፍ ያስቀምጣል፣ ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳል፣ ሥልጠና ያዘጋጃል፣ መመሪያዎች ሲረቀቁም የባለሙያውን ድምፅ ያሰማል። የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት ጋር ከተያያዘ ወዲህ ደግሞ የሥልጠናው ነገር የምርጫ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የግል አስተያየቴን ልጨምርና፣ ማኅበራት ጉልበታቸውን በአዲስ አበባ ጉባኤዎች ላይ ከሚያሳልፉ ይልቅ ድሬዳዋን፣ ሐረርንና ጅግጅጋን በመሰሉ ከተሞች ሥልጠናውን ወደ ባለሙያው ደጃፍ ቢያቀርቡ መዋጮው ለምን እንደሚከፈል የሚጠይቅ አባል ይቀንስ ነበር።

ማኅበራት ድፍረት ያነሳቸው ሌላ ጉዳይም አለ። ባለሙያው የምስክር ወረቀቱን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወርኀዊ ክፍያ እየተቀበለ፣ ቤቱን ግን ያልሠለጠነ ሰው የሚያስተዳድርበት የፈቃድ ኪራይ በየከተማው የታወቀ ምሥጢር ነው። ተቆጣጣሪ የቱንም ያህል ቢመላለስ ይህን ነውር የሚያስቆመው ባለሙያው ባለሙያውን «አሰደብከን» ሲለው ነው፤ እንዲህ ለማለት ደግሞ ከማኅበር የተሻለ መድረክ አይገኝም።

ወደ እርስዎ ጉዳይ ስመለስ፣ በፈቃዱ ላይ በኃላፊነት የተጻፈው የእርስዎ ስም መሆኑን አይርሱ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ማዘዣና ሽያጭ ሲያመሳክር በቅድሚያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፤ ባለቤቱ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም» ቢል እውነቱን ነው። ስለዚህ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ እንደማይሸጡ ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቀው ቅጂውን ያስቀሩ። ለደንበኛው ደግሞ «የለም» ብሎ መዋሸት ወደ ሌላ ቤት ከመላክ በቀር አይጠቅምም። «ዶክተሬ፣ አራት ፍሬ አሞክሲሲሊን ስጠኝ» ሲልዎት ለማን እንደሆነ፣ ሕመሙ ከጀመረ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር እንዳለ ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ተራ ጉንፋን ይሆንና ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ማስታገሻ ይበቃዋል፤ የሚያሰጋ ምልክት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ይንገሩት። ባለቤቱም ከዚህ ሽያጭ ያገኛል፣ እርስዎም ሕግ አልጣሱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የትኞቹ በቅድሚያ እንደሚታዘዙ፣ የትኞቹ በጥንቃቄ እንደሚያዙ፣ የትኞቹ ለመጨረሻ እንደሚቆጠቡ ያስቀመጠውን ሰንጠረዥ አትመው ከመደርደሪያው ጀርባ ቢለጥፉት ለቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ይጠቅማል።

በዚህ ምክንያት ከሥራ ቢሰናበቱ ክርክሩ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነው። የሙያ ማኅበር የሠራተኛ ማኅበር አይደለም፤ ነገር ግን የሥነ ምግባር ደንቡ እንቢታዎ ሙያዊ ግዴታ እንደነበር ለማስረዳት ይረዳዎታል።

ጥያቄ፦ ሐረር የምማር የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ለተግባር ትምህርት ወደ ዋርድ (የሕሙማን መኝታ ክፍል) ስንወጣ አንዳንድ ሐኪሞች «እናንተ ታች ስቶር (መድኃኒት መጋዘን) አይደል ሥራችሁ?» ይሉናል። ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው፣ ፋርማሲስቱ በታካሚው አጠገብ ሆኖ የሚሠራበት ነገር በእኛ አገር የወረቀት ስም ብቻ ነው? (ተማሪ፣ ሐረር)

መልስ፦ የወረቀት ስም አይደለም፣ ግን ገና ወጣት ነው። የፋርማሲ ትምህርት ወደ አምስት ዓመት ከፍ ብሎ በታካሚው ላይ እንዲያተኩር የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ በመሆኑ፣ አሁን በኃላፊነት ላይ ያሉ ብዙ ሐኪሞች በተማሩበት ጊዜ ዋርድ ውስጥ ፋርማሲስት አላዩም። ያላዩትን እንዲያከብሩ መጠበቅ አይቻልም፤ ማሳየት ያስፈልጋል።

የሚታየው ደግሞ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በአንድ ታካሚ ላይ ነው። ለምሳሌ ዶሉቴግራቪር የሚወስድ የኤች አይ ቪ ታካሚ ቲቢ ተገኝቶበት ሪፋምፒሲን ቢጀመርለት፣ ሪፋምፒሲን ጉበት ዶሉቴግራቪርን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ፣ በቀን አንዴ የነበረው 50 ሚሊግራም በየ12 ሰዓቱ መሆን አለበት። ይህን ሐኪሞች ታካሚዎችን በሚጎበኙበት ዙር ላይ ካርዱን አንብቦ፣ ማመሳከሪያውን ይዞ፣ በጨዋ ቃል የተናገረ ተማሪ በማግሥቱ «ያ የፋርማሲ ልጅ የታለ?» ተብሎ ይፈለጋል። ያዩትን የመድኃኒት ችግርና የሰጡትን አስተያየት በጽሑፍ ይመዝግቡ፤ ያልተመዘገበ አገልግሎት ለሆስፒታሉ አስተዳደር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ስቶሩንም አይናቁት። እ.ኤ.አ. በ2011 በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች የተስፋፋው፣ የመድኃኒት ግብይቱንና አገልግሎቱን ለኦዲት ክፍት ያደረገው አሠራር የመድኃኒት ባለሙያዎች በሒሳብና በክምችት አያያዝ ያመጡት ለውጥ ነው። መድኃኒቱ ከመደርደሪያው ላይ ከሌለ የዋርዱ ምክር ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ ልጄ ኢንሱሊን ይወጋል። መብራት ይጠፋል፣ የድሬዳዋን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ምን ላድርግ? (እናት፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፤ የበረዶ ክፍሉ አጠገብ ግን አይሁን፣ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይጠቅምም። የተከፈተው በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፤ ትክክለኛውን ገደብ በያዙት ምርት ማሸጊያ ላይ ያረጋግጡና የከፈቱበትን ቀን በብልቃጡ ላይ ይጻፉ። መብራት ሲጠፋ ሁለት ሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አድርገው መካከሉን በእርጥብ አሸዋ ቢሞሉና ጥላ ሥር ቢያኖሩት፣ የድሬዳዋ አየር ደረቅ በመሆኑ ውኃው ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። ውኃ የመሰለው ኢንሱሊን ከደፈረሰ፣ ነጩ ደግሞ ሲያገላብጡት የማይበተን ጓል ከያዘ አይወጉት። ሲገዙ ፋርማሲስቱን የፍሪጁን ቴርሞሜትር እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ የሙቀት መመዝገቢያ ቅጽ ያለው ቤት በጥያቄው አይቀየምም።

ጥያቄ፦ ከፋርማሲ የገዛሁት መድኃኒት ሰውነቴን አሳከከኝ፣ ፊቴንም አሳበጠኝ። ሻጩ «አቁመው» ብሎ ሸኘኝ። ለማን ልንገር? (አንባቢ፣ ሐረር)

መልስ፦ አቁመው ማለቱ ልክ ነው፤ መሸኘቱ ግን አልበቃም። ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ቢያብጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥርዎ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጉዳቱ ካለፈ በኋላም ፋርማሲስቱ ለዚህ በተዘጋጀው ቢጫ ቅጽ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ማድረግ አለበት፤ እርስዎም በነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይችላሉ። ሲያመለክቱ ማሸጊያውን አይጣሉ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የአምራቹ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈው እሱ ላይ ነው። የመድኃኒቱን ስም በካርድዎ ላይ በጉልህ ያስጽፉ፤ ወደፊት በሚሄዱበት መድኃኒት ቤት ሁሉ ካርዱን ከማዘዣው ጋር አብረው ያሳዩ።