ዌብሳይት በእርሳስ ይጀመራል

ደብረ ማርቆስ የሚማረው የወንድሜ ልጅ ሰሞኑን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ የጓደኛዬ እናት ማር ይነግዳሉ፤ ዌብሳይት ሥራላቸው ተብያለሁ። በምን ልጀምር?» አለኝ። «በእርሳስ» አልሁት። የቀለድሁበት መስሎት ሣቀ። ለእሱ የነገርሁትን፣ እንደ እሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዌብሳይት ልትሠሩ ለምትነሡም ይሁን ብዬ ጻፍሁት።

እኔ በእርሳስ አልጀመርሁም። የመጀመሪያ ሥራዬ ባሕር ዳር ለነበረ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ከሁሉ በፊት የያዝሁት ደግሞ ቀለም መምረጥ ነበር። ሰማያዊውን የጣናን ውኃ ላስመስል ብዬ ሁለት ቀን ፈጀሁ። ከላይ የጢስ ዓባይ ትልቅ ፎቶ፣ ፎቶው ላይ ስልክ ቁጥር። የማረፊያው ባለቤት መነጽራቸውን አድርገው አዩና «እሰይ ልጄ፣ አምሯል» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ግን «ለመሆኑ ሰው በየትኛው ቁጥር ነው የሚደውልልኝ?» አሉ። ቁጥሩን በነጭ ቀለም፣ ነጩ አረፋ ላይ ጽፌዋለሁ! ቢታይም ከፎቶው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ነክቶ መደወል አይቻልም።

የባሰም ነበር። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ በ2 ሰዓት ይነሣል ብዬ በአማርኛ ጻፍሁ፤ እንግሊዝኛው ገጽ ላይም ያንኑ 2 ገለበጥሁት። ሁለት ፈረንጆች የእነሱን 2 አምነው ከምሳ በኋላ ሻንጣቸውን አዝለው ወደቡ ላይ ቆሙ። የእነሱ 2 የእኛ 8 ነው፣ የእኛ 2 ደግሞ የእነሱ 8። ጀልባው ደርሶ እየተመለሰ ነበር። ሰዓትና ቀን የምትጽፉ ከሆነ ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ በሉ፤ የቀን መቁጠሪያውንም የማን እንደሆነ ለይታችሁ አስቀምጡ።

እንግዲህ እርሳሱ ለዚህ ነው። ደብተር ይዛችሁ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሰው ገብቶም ሆነ ደውሎ የሚጠይቀውን በራሱ ቃል ጻፉት፤ ጥያቄው ሲደገም አጠገቡ ጭረት ጨምሩ። «ኪሎው ስንት ገባ?» «አዲስ አበባ ትልካላችሁ?» «እሑድ ትከፍታላችሁ?» ጭረት የበዛበት ጥያቄ መልሱ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ጣት ወደ ታች ሳይጎትት መገኘት አለበት። ስንት ገጽ እንደሚያስፈልግ፣ የቱ ከየት እንደሚያያዝ የሚነግራችሁ ይኸው ደብተር ነው። ለማር ሱቅ ሦስት አራት ገጽ ይበቃል። «ራእይና ተልእኳችን» የሚል ገጽ ግን ይቅርባችሁ፤ ተልእኮ አንብቦ ማር የገዛ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም።

አባቴ ጎንጅ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ይቆጥርና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፣ ያልሰመረው ቤት እዚያው ይታረማል ይሉን ነበር። እናንተም ለገጹ የጻፋችሁትን ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ለሱቁ ባለቤት ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። ፊታቸው ላይ «ምን ማለቱ ነው?» የሚል ነገር ካያችሁ ሰርዙት።

ኮዱ የሚፈራውን ያህል አይደለም። ኤችቲኤምኤል ጽሑፉን በየቦታው ያስቀምጣል፣ ሲኤስኤስ መልክ ይሰጠዋል፤ ገጹ ሲነካ ምላሽ እንዲሰጥ የሚያደርገውን ጃቫስክሪፕትን ለመጀመሪያ ሥራ ባትነኩትም አይጎድልባችሁም። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰርን ከሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማእከል ለዓለም ያወጣው የመጀመሪያው ዌብሳይት ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። ዛሬም ይከፈታል፤ ገብታችሁ እዩት።

ሁላችሁም የምትወድቁበትን ጉድጓድ ግን ልንገራችሁ። ላፕቶፓችሁ ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ፎቶ ሰርቨር ላይ (ዌብሳይቱን ለሰው ሁሉ የሚያቀርበው ኮምፒውተር ላይ) ሲወጣ ድራሹ ይጠፋል። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የላቲኑን ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት ሊነክስ ግን ይለያል፤ ኮዱ ውስጥ የጻፋችሁት ስም ከፋይሉ ስም በአንድ ትልቅ ፊደል ቢለይ ፎቶውን አያገኘውም። እኔ ይህን እስካውቅ ሌሊቱ ነግቶብኛል። የፋይል ስም ሁልጊዜ በላቲን ትንንሽ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ጻፉ።

ፊደላችንም የራሱ ጣጣ አለው። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ለየፊደሉ በሚጋሩት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ፣ በየራሳችን ፎንት ስለምንጽፍ የእኔ አማርኛ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይወጣ ነበር። እናንተ ከዚያ ተርፋችኋል፤ ብቻ ገጹ በዩቲኤፍ-8፣ በዩኒኮዱ አጻጻፍ፣ የተጻፈ መሆኑን ከላይ፣ በኮዱ ራስጌ ውስጥ መግለጽ አትርሱ። መስመሮቹንም ራቅ ራቅ አድርጓቸው፣ ፊደላችን ሲጠጋጋ ዓይን ያደክማል።

ከስልክ የተነሣ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ከ200 ኪሎባይት በታች አሳንሱት። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ ርካሽ ስልክ ተውሳችሁ፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ወጥታችሁ ክፈቱት። ቢቸና ወይም ሞጣ ያለው ደንበኛችሁ የሚያየው ያንን ነው እንጂ የእናንተን ስክሪን አይደለም።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልጨምር። የሠራሁለት አንድ ድርጅት ዶሜይኑን (የዌብሳይቱን አድራሻ ስም) ያስመዘገበው በአንድ ሠራተኛው የግል ኢሜይል ነበር። ልጁ ሥራ ለቀቀ፤ የዓመቱ ክፍያ ማስታወሻ ለእሱ ሲላክ ከረመ፤ ዌብሳይቱ ጠፋ፣ ስሙንም ሌላ ሰው ወሰደው። አምስት ዓመት የደከምሁበት ሥራ ነው። ዶሜይኑ በሱቁ ባለቤት ስምና ኢሜይል ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉን ተቀብለው፣ እናንተ በሌላችሁበት ራሳቸው ከፍተው ያሳዩዋችሁ፤ ዋጋ ሲቀየርም ቁጥሩን ራሳቸው ይለውጡት።

የወንድሜ ልጅ ትናንት መልሶ ደወለ። ሦስት ገጽ ሙሉ ጭረት ይዟል። ብዙ ጭረት የወጣበት ዋጋው ይሆናል ብሎ ነበር የጠበቀው፤ ያገኘው ግን «ለጠጅ ነው ለመብል?» የሚል ሆነ። እናትየው ለሁሉም ደዋይ ይህንኑ ሲመልሱ ነው የሚውሉት። አሁን የመጀመሪያውን ገጽ ለሁለት ከፍሎ ወረቀት ላይ ሥሎታል፤ የጠጁ በግራ፣ የመብሉ በቀኝ፣ ስልኩ ከላይ። ቀለሙን ገና አልመረጠም።