ክሪሚናል ጀስቲስ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፦ ጥያቄና መልስ

በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁላችንም ኖቫ በምንለው፣ ተምሬ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የተሻገርኩ ነኝ። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወገኖች ስለ ክሪሚናል ጀስቲስ (የወንጀል ፍትሕ) ትምህርት ብዙ ጠይቃችሁኛል። የማውቀውን እነሆ።

ልጄ ጠበቃ መሆን ይፈልጋል። ይህን ትምህርት ሲጨርስ ጠበቃ ይሆናል?

አይሆንም፣ እናቴ። ጠበቃ ለመሆን መጀመሪያ ባችለር መያዝ አለበት። ከዚያ ሦስት ዓመት የሕግ ትምህርት ቤት አለ፣ በመጨረሻም የጥብቅና ፈቃድ የሚያስገኘው የባር ፈተና። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ክሪሚናል ጀስቲስ ተማር ብለው አያስገድዱም። ታሪክም ኢኮኖሚክስም አጥንቶ የሚገባ አለ። የሚያዩት ውጤቱን፣ የማንበብና የመጻፍ ችሎታውን ነው። የፖሊስ፣ የፍርድ ቤትና የማረሚያ ቤት ሥራ ራሱ ከሳበው ግን ይግባበት፤ ጥሩ መነሻ ነው።

ለሥራ የሚሆን እና ለትራንስፈር የሚሆን ዲግሪ አለ አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ጊዜና ገንዘብ የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ኤ.ኤ.ኤስ. የሚባለው ቶሎ ሥራ ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። ኤ.ኤ. ወይም ኤ.ኤስ. ደግሞ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ነው። ሁለቱም ወደ 60 ክሬዲት ናቸው፣ ሲታዩም ይመሳሰላሉ። ግን በኤ.ኤ.ኤስ. የወሰድሻቸው አንዳንድ ኮርሶች ዩኒቨርሲቲው ላይቀበላቸው ወይም ለዲግሪሽ ላይቆጥራቸው ይችላል። ያኔ እንደገና ከፍለሽ ሌላ ክላስ ትወስጃለሽ።

ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት የምትሄጂበትን ዩኒቨርሲቲ ምረጪ። የኖቫ ተማሪ ከሆንሽ ከጆርጅ ሜሰን ጋር ያላቸውን አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም ጠይቂ። የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ከመጀመሪያው ይነግሩሻል። አማካሪሽ የነገረሽን በቃል አትተዪው፤ በኢሜይል አስጽፊው። በነገራችን ላይ ኖቫ ላይ የትምህርቱ ስም አድሚኒስትሬሽን ኦፍ ጀስቲስ ነው። ክሪሚናል ጀስቲስ ብለሽ ፈልገሽ ካጣሽው አትደንግጪ።

የአሳይለም ኬሴ ገና አልተወሰነም። ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) መሙላት እችላለሁ?

ኬስህ በሂደት ላይ እያለ የፌዴራል እርዳታ አታገኝም። አሳይለም ከተፈቀደልህ ወይም ግሪን ካርድ ካለህ ግን በሩ ይከፈታል። ከፌዴራል እርዳታዎቹ አንዱ ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2024-25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። እስከዚያው ኮሌጁን ለግዛቱ ነዋሪዎች ስላለው ዝቅ ያለ ክፍያ እና ስለ ራሱ ስኮላርሺፕ ጠይቅ። በሴሚስተር አንድ ክላስ እየወሰዱ መቆየትም ይቻላል።

ዕድሜዬ 38 ነው፣ ግሪን ካርድ አለኝ። ፖሊስ መሆን እችላለሁ?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዜግነቱን ጨርስ። የዲሲ ፖሊስ ዜግነት ይጠይቃል፤ በዚህ አካባቢ ያሉት ሌሎቹም በአብዛኛው እንዲሁ ናቸው። የኤፍ.ቢ.አይ. (የፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ልዩ ወኪል ለመሆን ባችለር ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው ደግሞ ከ23 እስከ 36 ዓመት ላለ ሰው ነው። ስለዚህ እሱን እርሳው። የከተማና የካውንቲ ፖሊሶች ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ጣሪያ የሌላቸው ብዙ ናቸው። የ911 (የድንገተኛ ጊዜ ጥሪ) ስልክ ተቀባይነትንም አስብበት። አማርኛ የሚችል ሰው እዚያ ቢቀመጥ ለእናቶቻችን ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከ1996 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሠረት በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው፣ ጥፋቱ ቀላል ወንጀል የሚባለው ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ መሣሪያ መያዝ አይችልም። መሣሪያ ካልያዘ ፖሊስ አይሆንም። ፍርድ ቤት ውስጥ ‹‹ጥፋተኛ ነኝ በልና ይለቅ›› ሲባል ጠበቃ ሳያማክሩ የሚፈርሙ ወገኖች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ ሕግ ተምሬአለሁ። ትምህርቱ አዲስ ይሆንብኛል?

ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ የምታውቀው ነው። ጁሪ አገራችን የለም፤ አሥራ ሁለት ተራ ሰዎች ጥፋተኛ ነው አይደለም ሲሉ ማየት ይገርማል። ሚራንዳ የሚባለውን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1966 ውሳኔ ስታነብ ግን የኛን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ታስታውሳለህ። ላለመናገር መብት አለህ፣ የምትናገረው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል የሚለው ሁለቱም ጋ አለ። ብዙ ሰው ግን ፖሊስ መብቱን ካልነገረው ወዲያው የሚፈታ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ውሳኔው በስሙ የተጠራው ተከሳሽ ሚራንዳ ራሱ የመጀመሪያው ፍርድ ተሽሮለት፣ የእምነት ቃሉ ሳይቀርብ እንደገና ተከስሶ ተፈርዶበታል።

እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን የጌዲዮን ጉዳይ ነው። ጌዲዮን ተከስሶ ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ የፍሎሪዳ ሰው ነበር። እስር ቤት ሆኖ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በእርሳስ ጻፈ። በ1963 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደለት፤ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ድሃ መንግሥት ጠበቃ ያቁምለት ተባለ። ጠበቃ አግኝቶ እንደገና ሲዳኝ ነጻ ወጣ። ስለ ተከሳሽ መብት የሚናገረውን የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 20 ከዚህ ጋር አስተያይተህ አንብበው፤ የክፍል ውይይት ላይ የምትናገረው አታጣም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ልሞክረው?

ሞክሪው፣ ግን መጀመሪያ ጽሑፉ ላይ በርቺ። ይህ ሙያ ከምንም በላይ ሪፖርት መጻፍ ነው። ማን፣ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን አየሽ። የሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ኢላፕ የሚባል የአካዳሚክ እንግሊዝኛ ትምህርት አለው። እሱን ሳትጨርሺ የወንጀል ሕግ ክላስ አትውሰጂ።

ሜሪላንድ ውስጥ ማሪዋና ተፈቅዷል። ለሥራ ስናመለክት ችግር አለው?

አለው። በፌዴራል ሕግ አሁንም ክልክል ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች መቼ እንደተጠቀማችሁ ይጠይቃሉ፣ በውሸት መመርመሪያ ማሽንም ያጣራሉ። ይህን ሙያ የምታስቡ ልጆች ከአሁኑ ራቁት። የተጠቀመ ካለ ደግሞ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር፤ መዋሸቱ ከተደረሰበት ማመልከቻው እዚያው ያበቃል።