የሚፈተል ሱፍ ሳይቆላለፍ እንዲቆይ፦ ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ሳይገባ በጎንደርና በአካባቢዋ ለስላሳ ሱፍ የምትፈትሉ ሁሉ ስለ አቀማመጡ እንድትጠይቁኝ ጋብዣችሁ ነበር፤ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ እትዬ፣ ከውጭ የመጣልኝን ሜሪኖ የሚባለውን የበግ ዝርያ ሱፍ ሁለት ወር በፌስታል አጭቄ አስቀምጬው ነበር። አሁን ስስበው አልዘረጋ አለኝ። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ መታመቅና መቆላለፍ ይለያያሉ። የታመቀ ሱፍ አየር በማጣቱ ብቻ የደነደነ ስለሆነ ቀስ ብለው በጣት ሲያፍታቱት ይመለሳል። የሚያስፈራው መቆላለፉ ነው። በእያንዳንዱ የሱፍ ጠጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ፣ ሁሉም ወደ ጠጉሩ ጫፍ ያጋደሉ ጥቃቅን ቅርፊቶች አሉ፤ ሱፉ እርጥበትና ሙቀት አግኝቶ ሲታሽ አንዱ ጠጉር በሌላው መካከል ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየሾለከ ይሄድና መመለሻ ያጣል። ሜሪኖ ውፍረቱ ከ24 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የማያልፍ ቀጭን ጠጉር በመሆኑ ከደጋው በጋችን ሻካራ ሱፍ ፈጥኖ ይቆላለፋል። ለመለየት ሁለቱን እጆችዎን ከአንድ ስንዝር በላይ አራርቀው በቀስታ ይሳቡት፤ ከተዘረጋ የታመቀ ብቻ ነው፣ እምቢ ካለ ግን ተቆላልፏል። እጆችዎ ከተቀራረቡ የአንዱን ጠጉር ሁለቱንም ጫፍ ስለሚይዙ ደህናው ሱፍም እምቢ ይላል።

ፌስታሉን ግን ያስወግዱት። ሱፍ ከክብደቱ እስከ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ጠጥቶም ለእጅ ደረቅ ይመስላል፤ በክረምት ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት መውጫ ያጣና ፌስታሉን ከውስጥ ያልበዋል።

ጥያቄ፣ ከደባርቅ፦ ታዲያ በምን እናስቀምጠው?

መልስ፦ ታጥቦ በደረቀ የጥጥ ትራስ ልብስ ውስጥ፣ ሳይታጨቅና ሳይጠመዘዝ፣ ልል አድርገው አጥፈው ያስገቡት። ከዚያም ከግድግዳና ከምድጃ በራቀ መደርደሪያ ላይ፣ በቅርጫት ወይም በካርቶን ያኑሩት፤ ምንም ነገር አይጫኑበት። በየከረጢቱ የሚከተቱት በአንድ ሳምንት ፈትለው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ ይሁን፤ አንዱን ትልቅ ከረጢት በየቀኑ እየከፈቱ መበርበር፣ ያውም በላብ እጅ፣ ሱፉን ቀስ በቀስ ያሸዋል።

ጥያቄ፣ ከቀሃ፦ ባዘቶም እንዲሁ ይቆላለፋል?

መልስ፦ አይቆላለፍም፤ ጥጥ ቅርፊት የለውም። ጥያቄው ስለ ሱፍ ነው።

ሌላ ተሳታፊ፣ ከቀሃ፦ ይቅርታ፣ የእኔ ባዘቶ ግን ባለፈው ክረምት ተያይዞ እንደ ድንጋይ ሆኖብኛል።

ከማራኪ፦ እሱማ ረጥቦ የታመቀ ነው እንጂ የተቆላለፈ አይደለም። እናቴ ባና በሙቅ ውሃ ነክራ በእግሯ ስትረግጠው ነበር የሚጠብቀው፤ ጥጥ ቢረገጥ እንደዚያ ይሆናል?

መልስ፦ የማራኪዋ እህት ልክ ናት። ባናው ነፋስ የማያሳልፈው ሆን ተብሎ ስለተቆላለፈ ነው፤ እኛ ግን ገና ላልተፈተለ ሱፍ ሳናውቅ ሙቀቱንም፣ እርጥበቱንም፣ እርግጫውንም እናዘጋጅለታለን። ስለ ባዘቶው ከዚህ በላይ አልመለስበትም።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ ፌስታሉን ብንበሳሳውስ?

መልስ፦ ስለ ፌስታል መልሻለሁ። የትራስ ልብስ የሌለው ቤት የለም።

ጥያቄ፣ ከአዘዞ፦ ብልን ለመከላከል ወይራ ማጠን ይሻላል ወይስ ናፍታሌን?

ከደባርቅ፦ እኛ ዘንድ ጭስ የገባበት ሱፍ ብል አይነካውም ይባላል።

መልስ፦ ጭሱ ሱፉን ጥላሸት ያለብሰዋል እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ናፍታሌንም ለሚተነፍሰው ሰው ጤና አይበጅም። ሱፉን የሚበላው የሚበርረው ሳይሆን ትሉ ነው፤ ላብና ቆሻሻ ያለበትን ስለሚያስቀድም ሱፉ ታጥቦ ይቀመጥ። ብል ከገባበት ዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ አንድ ሁለት ሳምንት ያቆዩት፤ ፌስታል የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው፣ ያውም በደንብ ታስሮ። ሲያወጡት የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ አይፍቱት፤ አለዚያ ቀዝቃዛው ሱፍ ላይ ጤዛ ያርፍበትና የሸሹት እርጥበት ተመልሶ ይመጣል።

ጥያቄ፣ ከወለቃ፦ ሱፌ ተበላሸብኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ዓይነት ሱፍ? ታጥቧል ወይስ ከነወዙ ነው? በምን ተቀምጦ ነበር? ይህን ሳላውቅ መልስ የለኝም።

ከወለቃ፦ አንጎራ ነው፣ የጥንቸል ጠጉር። አጥቤ፣ በአመድ ውሃ አሽቼ፣ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ ከተትሁት።

መልስ፦ የአመድ ውሃ ቅርፊቱን ይከፍተዋል፣ ማሸቱ ያቆላልፈዋል፣ ጆንያው ደግሞ የቀረውን ይጨርሰዋል፤ አንጎራም ከሁሉ ፈጥኖ ከሚቆላለፉት አንዱ ነው። ለወደፊቱ ለብ ባለ ውሃና በለዘብተኛ ሳሙና ዘፍዝፈው ሳያሹ ያንሱት፤ የሚያለቀልቁበት ውሃ ሙቀት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ይሁን፤ ከዚያም ሰፌድ ላይ ዘርግተው በጥላ፣ እስከ ውስጡ ድረስ ያድርቁት። የአሁኑ ግን አይመለስም፤ ለጫማ ውስጥ ንጣፍ ይቁረጡት።

ጥያቄ፣ ከማራኪ፦ ሜሪኖ ስንት ይሸጣል?

መልስ፦ ነጋዴ ይጠይቁ።